ኮፓው ዘይት ሲያንጠባጥብ፦ ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት

መኪናችሁ የምታድረው ኮብልስቶን ላይ ከሆነ ዘይት ማንጠባጠቧን በማግስቱ ታውቃላችሁ። ድንጋዩ ላይ ጥቁር ክብ ይቀራል። ጅማ ውስጥ ግን ብዙው ግቢ ቀይ አፈር ነው። ጠብታውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ አጥቦት ይሄዳል። ነገሩ የሚታወቀው ዲፕስቲኩ (የዘይት መለኪያ ዘንጉ) ጫፉ ብቻ ሲረጥብ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የዘይት መብራት ስትበራ ነው። መብራቷን ከጠበቃችሁ ወጪው የጋስኬት (በሁለት ክፍሎች መሃል የሚገባ ማሸጊያ) መሆኑ ቀርቶ የሞተር ሊሆን ይችላል።

የእኔዋ ቶዮታ ቪትዝ ሁለት ክረምት አንጠባጥባለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ ኮፓዋ፣ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ፣ ሦስቴ ተፈትቶ ተገጥሟል። አንዱ ጋራዥ ሲሊኮን ጨመረ። ሌላው ብሎኖቹን አጠበቀ። ሦስተኛው ሁለቱንም አደረገ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠብታው ይመለሳል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ኮፓውን ሳይነኩ የሞተሩን ጎን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ከላይ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ለዘይት መብራቱ ምልክት የምትልከው ትንሿ ስዊች ነበረች። ቅያሬዋ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ኮፓው መጀመሪያ ላይ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ሦስቴ ከተፈታ በኋላ ግን የሁለት ብሎን ጥርስ ተበልቶ ጠርዙም ተጣሞ ስለነበር የእውነት ማፍሰስ ጀመረ! ያንን ራሴ ጠገንኩት። እዚህ የምጽፈው በአብዛኛው ያኔ ጭቃ ላይ ተኝቼ የተማርኩት ነው።

ኮፓ ምኑ ያፈሳል?

ኮፓ ከሞተሩ በታች ያለ የዘይት ገንዳ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። ሲነሳ ፖምፓው በወንፊት በኩል መልሶ ወደ ላይ ይስበዋል። አብዛኛው ኮፓ ከላሜራ የተሠራ ነው፤ አሉሚኒየም የሆነም አለ። ብዙ ቶዮታዎች ሁለቱንም ይይዛሉ፦ ላይኛው ክፍል አሉሚኒየም፣ ታችኛው ላሜራ።

ዘይት የሚወጣው በሦስት በኩል ነው። በማፍሰሻው ብሎን፣ ኮፓው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ፣ ወይም በተቀደደና በተሰነጠቀ ቦታ። ሦስቱም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ስንሰጥ ነው።

ምንጩን ሳታገኙ ቁልፍ አታንሱ

መጀመሪያ የሚንጠባጠበው የሞተር ዘይት መሆኑን አረጋግጡ። ማታ ከሞተሩ ስር ሰፊ ካርቶን አንጥፉ፤ የፊት ጎማዎቹ የቆሙበትን ካርቶኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ጠዋት ቀለሙን እዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲነኩት የሚያሟልጭ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ወደ ቀይ የሚያደላው ብዙ ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ውሃ መሰል ነገር የራዲያተር ነው። የጎማ ምልክቱ ደግሞ ጠብታው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ መኪናዋን ላቫጆ ውሰዱና የሞተሩን ስር አሳጥቡ። ውሃውን በኃይል ዲናሞውና የኤሌክትሪክ ገመዶቹ ላይ እንዳይረጩት ንገሯቸው። ዘይትና ጭቃ ተለውሶ ከደረቀበት አስቀድማችሁ ናፍታ በብሩሽ ቀቡትና ትንሽ ጊዜ ስጡት። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የቆሸሸ ሞተር ላይ ግን የሚፈስበትን ቦታ አገኘሁ ማለት ግምት ነው።

ከደረቀ በኋላ የሕፃናት ፓውደር ግዙ። የኮፓውን ጠርዝ ዙሪያውን፣ ከሱ በላይ ያለውንም የሞተር አካል በፓውደር በስሱ አልብሱት። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ከተማ ውስጥ ንዱ። ተመልሳችሁ በስልክ መብራት ስታዩ ነጩ ላይ ዘይቱ የሄደበት ጥቁር መስመር ይታያል። መስመሩን ወደ ላይ ተከተሉት። የሚጀምርበት ቦታ ነው ጥፋተኛው።

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ፍለጋችሁ ከላይ ወደ ታች፣ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛው ራስ) ክዳን ጋስኬት እዩ። የዘይት ፊልትሮውን ሥር ዳስሱ። የግፊት ስዊቿን እዩ፤ እኔን ሁለት ዓመት ያንከራተተችኝ እሷ ናት። ፊት ለፊት ከትልቁ ፑሊ (የቺንጊያ መዘውር) ጀርባ ያለው ኦይል ሲል፣ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ የሚያፈስ ከሆነ ዘይቱን ፑሊው ዙሪያውን ይረጨዋል። ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ብቻ ከሆነ የሚንጠባጠበው ደግሞ የኋላው ኦይል ሲል ሊሆን ይችላል። ያ ካምቢዮ የሚያስወርድ ሥራ ነው። ኮፓውን አሥር ጊዜ ብትፈቱት አይድንም።

ዲፕስቲኩንም በሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ከጠፋ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እዩት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፎ ከሆነ ትርፉ በራሱ ችግር ያመጣል። ሌላም አለ፦ ሞተር ይተነፍሳል። መተንፈሻ ቫልቩ በዝቃጭ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ጋዝ መውጫ ያጣና ዘይቱን በየጋስኬቱ በኩል ይገፋዋል። ያኔ አንዱን ስትደፍኑ በሌላው ይወጣል። ቫልቩ በብዙ መኪኖች ከቴስታታው ክዳን ላይ ወይም ከአጠገቡ ይገኛል። አውጥታችሁ ስትነቀንቁት «ቸክ ቸክ» ካላለ ተደፍኗል፤ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ርካሽ ዕቃ ነው።

ማፍሰሻው ብሎን ብቻ ከሆነ

ዘይት ከተቀየረ በኋላ የጀመረ ጠብታ ከሆነ ከዚህ ጀምሩ። ብሎኑ ሥር የመዳብ፣ የአሉሚኒየም ወይም የፋይበር ሮንዴላ አለ። ሥራዋ አንድ ጊዜ ተጨፍልቃ ክፍተቱን መዝጋት ነው። እኛ ግን አምስት ስድስት ዘይት ቅያሬ እናሠራታለን። በአዲስ ስትቀየር ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

እሷን መቀየር ትተን ብሎኑን ስናጠብቅ ጥርሱ ይበላል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ይህ በ14 ቁልፍ የሚፈታው ብሎን የሚፈልገው 37 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው። በተራ ቁልፍ በአንድ እጅ ጠበቅ ማድረግ ማለት ነው፤ ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ መርገጥ አይደለም። ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ቴፕ ጠቅልሎ ማስገባት ወይም በሲሊኮን መለጠፍ አያዋጣም። መንገድ ላይ ብሎኑ ወልቆ ዘይቱ በሙሉ ቢፈስ ሞተሩ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ ሊቆም ይችላል። ኮፓውን ፈትታችሁ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ አዲስ ጥርስ ያወጡለታል። በመጠኑ ወፈር ያለ ብሎን ራሱ ጥርስ እያወጣ እንዲገባ የሚያደርጉም አሉ። ይሠራል፤ ግን ቀጥ ብሎ መግባቱን እዩ። የሚወጣው የብረት ብናኝም ኮፓው ውስጥ እንዳይቀር።

ኮፓውን ለመፍታት ስትነሱ

ቦታው ሜዳ፣ መሬቱም ጠንካራ ይሁን። ጅማ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ አፈሩ ደረቅ መስሎ ክሪክ ሲያርፍበት ይሰምጣል። ከክሪኩ ሥር ወፍራም ሰፊ ጣውላ አድርጉ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን ታኮ አስገቡ። ከዚያ መኪናዋን የብረት መደገፊያ እግሮች ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር እንዳትገቡ። ብሎኬት ደርድሮ መደገፍም አይሆንም፤ ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ቦታውን ለግማሽ ቀን መለመን ይሻላል።

ጣሪያ ያለው ቦታ ከሆነ እሰየው። የተጸዳ ጠርዝ ላይ ከሞተሩ የሚወርድ አንድ የውሃ ጠብታ ሥራውን ያበላሸዋል።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። የ10 ቡሶላ ከማራዘሚያው ጋር፣ የ14 ቁልፍ፣ ሳፋ፣ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ስስ ምላጭ ያለው መለያ፣ ብዙ ንጹህ ጨርቅ፣ አዲስ ጋስኬት ወይም የሞተር ሲሊኮን፣ ሮንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከተገኘ ተዋሱ።

ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አሙቁና አጥፉ። ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፤ የፈላ ከሆነ እጅ ያቃጥላል። ሳፋውን አስቀምጡ፣ ብሎኑን ፍቱ፣ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ጠብቁ።

አሁን ኮፓውን ዙሪያውን እዩ። አንዳንድ መኪና ላይ የጭስ ማውጫው ቱቦ መንገድ ላይ ይገባል፤ አንዳንዱ ላይ የብረት ድልድይ ከሥሩ ያልፋል። ብዙ ፒክአፕና ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪኖች ላይ ሞተሩን ከመያዣው ማንሳት ወይም የፊት ዲፈረንሻሉን ማውረድ ግድ ይላል። መኪናችሁ እንዲህ ከሆነ እዚህ ላይ አቁማችሁ ለባለሙያ ስጡት። እኔ ብሆን እሰጣለሁ። እንደ ቪትዝ ያለች ትንሽ መኪና ግን ታችኛውን ላሜራ ኮፓ ያለ ብዙ ጣጣ ታወርዳለች።

ብሎኖቹን አንድ አንድ ዙር አላሉ፤ ከዚያ ማውጣት ጀምሩ። በአራቱ ማዕዘን ያሉትን ለመጨረሻ ተዉ። ካርቶን ላይ የኮፓውን ቅርጽ ሥላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ሰኩት። ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ አሉሚኒየሙን ይሰነጥቃል።

ብሎኖቹ ሁሉ ወጥተው ኮፓው አልላቀቅም ይላል። አትደንግጡ፤ ሲሊኮኑ ይዞት ነው። ካቻቢቴ ጎን ላይ ሰክቶ መፈንቀል ግን ትልቁ ስህተት ነው። የእኔን ጠርዝ ያጣመመው እሱ ነው። ስሱን መለያ በጠርዙ መሃል አስገቡና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ጎን ለጎን ንዱት። አንድ ጥግ ከተላቀቀ ሌላው ይከተላል። ሲወርድ ውስጡ የቀረ ዘይት ስላለ በደረታችሁ ላይ እንዳትገለብጡት።

ውስጡን ሳታዩ አትጠቡት

ኮፓው ተፈትቶ ውስጡን አለማየት ዕድልን እንደ መጣል ነው። ከታች የተቀመጠውን ዝቃጭ በጣታችሁ አሹት። ጥሩ ዱቄት የመሰለ ጥቂት ነገር በአሮጌ ሞተር ላይ ሊኖር ይችላል። በፀሐይ የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ወይም የመዳብ ቀለም ያለው ብናኝ ካገኛችሁ ግን ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርባቸው ማረፊያዎች) እየተበሉ ነው፤ ችግራችሁ ከጋስኬት አልፏል።

ከዚያ ቀና በሉ። ፖምፓው ዘይት የሚስብበት ወንፊት እዚያ ተንጠልጥሏል። የእኔን ሳየው ግማሹ በሲሊኮን ፍርፋሪ ተሸፍኖ ነበር። እንደ ፓስታ ቁራጭ ረዘም ረዘም ያለ፣ ግራጫ። ከሦስቱ ጥገናዎች የተረፈ ነው። ሲሊኮን በብዛት ሲቀባ ትርፉ በሁለት በኩል ይጨመቃል። ወደ ውጭ የወጣው ይታያል፤ ባለቤቱም «ጥሩ ተደርጎ ተለጥፏል» ይላል። ወደ ውስጥ የገባው ግን በሙቀት እየተቆረሰ ወንፊቱ ላይ ይሰበሰባል። ወንፊቱ ከተደፈነ ሞተሩ ዘይት እያለው ይጠማል። ጠብታ ሊያስቆም የተቀባ ሲሊኮን ሞተር ሊገድል ይችላል። ፍርፋሪውን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ልቀሙት። ወደ ውስጥ እንዳትገፉት።

ማጽዳቱ ነው ሥራው

ከጠቅላላው ሰዓት ግማሹን ለዚህ ስጡ። አሮጌው ሲሊኮንና ጋስኬት ከኮፓው ጠርዝም ከሞተሩ ፊትም ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት። ላሜራው ላይ የብረት መፋቂያ ይቻላል። አሉሚኒየሙ ላይ ግን ፕላስቲክ ብቻ፤ የተጫረ አሉሚኒየም ዘይት የሚሾልክበት ቦይ ይኖረዋል። የብሎን ቀዳዳዎቹንም አጽዱ፤ ውስጣቸው ዘይት ተጠራቅሞ ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ወደ ጠርዙ ይገፋዋል።

መጀመሪያ በናፍታ ቢታጠብ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ናፍታ ራሱ ቅባት ይተዋል። ማጠናቀቂያው የፍሬን ማጽጃ ወይም ጥቂት ቤንዚን ይሁን። ቤንዚን ካላችሁ ሲጋራ የለም፣ ብየዳ የለም፤ የቡናውም ከሰል ከዚያ ይራቅ። ቀልድ አይደለም። ጅማ ውስጥ ጋራዥ ባለበት ሁሉ ጀበና አይጠፋም። ምድጃው ደግሞ ነፋስ ስለሚፈልግ በር ላይ ነው የሚቀመጠው። የቤንዚን ተን መሬት ለመሬት ሄዶ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ያታልላችኋል። ከሞተሩ ውስጥ ዘይት መንጠባጠቡን አያቆምም። ጠርዙን አድርቃችሁ ፊታችሁን ስታዞሩ አንዲት ጠብታ ወርዳ ትለጠፍበታለች። ስለዚህ ከፈታችሁ በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት፤ ቡናውንም እስከ በረካ ጠጥታችሁ ተመለሱ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ በማጽጃ አርጥባችሁ ጠርዙን አንድ ዙር አሽከርክሩት። ጨርቁ ቢጫ ከያዘ አልጨረሳችሁም። ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድገሙት። እንደ እኔ ግምት በሁለተኛ ሳምንቱ የሚመለስ ጠብታ ብዙው የሚወለደው እዚህ ነው፤ ሲሊኮን ቅባት ላይ አይዝም።

የላሜራ ኮፓ ከሆነ ጠርዙ ቀጥ ማለቱን ፈትሹ። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በግንባሩ ድፉትና ከጎን መብራት አብሩ። ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ዘይትም ያሳልፋል። አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ወደ ሞተሩ ወገን ተነፍተው ነው፤ ከመጠን በላይ የተጠበቀ ብሎን ላሜራውን እየሳበው ነው። ጠርዙን የብሎን ራስ በሚያርፍበት ወገን ጠፍጣፋ ብረት ላይ አስደግፉና እብጠቱን ከላይ በትንሽ መዶሻ ቸብ ቸብ አድርጉት። መልሳችሁ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ። ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ጋስኬት ወይስ ሲሊኮን?

መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን አድርጉላት። ነባሮቹ መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት የጎማ ወይም የቡሽ ጋስኬት ካላት እሱኑ በደረቁ ግጠሙ። ሲሊኮን የሚያስፈልገው ሁለት የሞተር ክፍሎች በሚጋጠሙበት መስመርና በማዕዘኖቹ ላይ ጠብ ለማድረግ ብቻ ነው። ጋስኬቱን በሙሉ በሲሊኮን ከለወሳችሁት ሲጠብቅ እየተንሸራተተ ይወጣል።

እንደ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ጋስኬት የሌላት፣ በሲሊኮን ብቻ የምትታሸግ ከሆነች ደግሞ ዘይትና ሙቀት የሚችል የሞተር ሲሊኮን ግዙ። የመታጠቢያ ቤቱ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው፣ ለዚህ አይሆንም፤ አሲዱ ብረት ያዝጋል፣ ዘይትም ያሸንፈዋል።

ከመቀባታችሁ በፊት ኮፓውን በደረቁ አንድ ጊዜ አስገብታችሁ አውጡት። የት እንደሚነካ፣ ከየት ማዕዘን እንደሚገባ እጃችሁ ይወቀው። ቶዮታ በጥገና መመሪያዎቹ ሲሊኮኑ ከተቀባ በ3 ደቂቃ ውስጥ ኮፓው እንዲገጠም ያዛል። ያን ጊዜ ብሎን ፍለጋ አይኬድም።

ከዚያ ቱቦውን ጫፉን በትንሹ ቁረጡት። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው አንድ የማይቋረጥ መስመር በጠርዙ ላይ አስኪዱ። የብሎን ቀዳዳ ጋ ስትደርሱ በውስጠኛው በኩል እለፉ። መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር ትንሽ አደራርቡት። በቃ። በጣት አትደምድሙት፣ «ለማንኛውም» ብላችሁም አትደርቡ።

ኮፓውን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት፤ አንዴ ከነካ በኋላ ወዲያ ወዲህ አይጎተትም። ብቻችሁን ከሆናችሁ ራሳቸው የተቆረጠ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች በሁለት ጥግ አስቀድማችሁ ብታስገቡ መሪ ይሆኗችኋል። ብሎኖቹን በሙሉ በጣት አስገቡ። ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ።

እንዴት ያህል? በ10 ቡሶላ የሚፈቱት እነዚህ ትንንሽ ብሎኖች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው፤ ትክክለኛውን ከመኪናችሁ መመሪያ እዩ። ከማፍሰሻው ብሎን ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ወይም ሩብ ጉልበት ነው። ቶርክ ሬንች ከሌለ መፍቻውን ጭራው ላይ አትያዙት። ራሱ አጠገብ፣ በሁለት ጣትና በአውራ ጣት ያዙትና ብሎኑ እንቢ እስኪል ብቻ አዙሩ። ከተገጠመ በኋላ በሳምንቱ ተመልሶ «ትንሽ ላጥብቀው» ማለት ሲሊኮን ላይ አይሠራም። የደረቀውን ማኅተም ትሰብሩታላችሁ።

ዘይት ከመጨመራችሁ በፊት ቢያንስ 2 ሰዓት ጠብቁ። ከቻላችሁ ያድር። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ የጅማ አየር እንኳን አይጎዳውም። አዲስ ሮንዴላ፣ አዲስ ፊልትሮ፣ ከዚያ ዘይት። ለምሳሌ 1 ኤንዜድ (1NZ) የሚባለው የቶዮታ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ገደማ ይይዛል። ከልኩ ትንሽ አጉድላችሁ ጀምሩና ዲፕስቲኩን እያያችሁ ሙሉት። አስነሱ። የዘይት መብራቷ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ መጥፋት አለባት፤ ካልጠፋች ወዲያው አጥፉ። አሥር ደቂቃ ቆማ ትሥራ፣ በመብራት ዙሪያውን እዩ። አጥፍታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ መጠኑን እንደገና ለኩ።

ድንጋይ የመታው ኮፓ

ጥቅምት ላይ የቡና ለቀማ ሲጀመር ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ በኩል ያለው የገጠር መንገድ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መኪናዋ ጆንያ ተጭኖባት ዝቅ ብላለች፣ መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ ብቅ ብሏል። «ጓ!» የሚል ድምፅ ከሥር ከሰማችሁ ቁሙና ጎንበስ ብላችሁ እዩ። የዘይት መብራቷ ከበራች ሞተሩን እዚያው አጥፉ። እስከ ከተማ በቀስታ ልድረስ ብሎ ነገር የለም። አስጎትቱ።

ዘይት ባይፈስም የተጨረገደ ኮፓ አትናቁ። ወንፊቱና የኮፓው ወለል የሚራራቁት በጥቂቱ ነው። ወለሉ ወደ ላይ ከተጨረገደ ወንፊቱን ይዘጋዋል ወይም ያጣምመዋል። ፈትቶ ማቅናት ነው።

ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ በሁለት ቱቦ ተቀላቅሎ የሚደርቀው የብረት ኢፖክሲ ጊዜያዊ መላ ነው። ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረቱ በቤንዚን ተጠርጎ፣ ዘይቱ ተገልብጦ ከሆነ ቤት ያደርሳል። ሳሙና መለጠፍ ለቤንዚን ታንከር የሚሠራ የሹፌር ዘዴ ነው፤ የጋለ የሞተር ዘይት ላይ ግን ብዙ አይቆይም። ለዘለቄታው የላሜራ ኮፓ ይበየዳል፤ አሉሚኒየሙ በአርጎን። ሁለቱም ተፈትተው፣ ውስጣቸው በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ። መኪናዋ ላይ እንዳለ ልበይደው የሚላችሁን እንቢ በሉት፤ የዘይት ተንና እሳት አይዋደዱም። ከብየዳ በኋላ ጠርዙን መልሳችሁ መስታወት ላይ አስቀምጡ፤ ሙቀት ያጣምመዋል። ውስጡ ላሜራው በዝገት የሳሳ ከሆነ ግን ብየዳው በጎን ይበሳዋል። ያኔ ሌላ ኮፓ ይፈለግ።

እንዳይደገም

ጅማ ላይ ኮፓ የሚገድለው ከድንጋይ ይልቅ ጭቃ ይመስለኛል። ቀዩ ጭቃ ኮፓው ላይና ጠርዙ ሥር ተለጥፎ ይደርቃል፤ ላዩ ይደርቅ እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው። ወራት ሙሉ እንደረጠበ ላሜራውን ይበላዋል። ስለዚህ በክረምት ላቫጆ ስትሄዱ የላዩን ማሳመር ትታችሁ ሥሩን አሳጥቡ። በጋ ሲገባ ዝገት ካያችሁ በሽቦ ብሩሽ ፍቃችሁ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀቡት። ከአዲስ ኮፓ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ምንም ነው።

ከሞተሩ ሥር መከላከያ ላሜራ የምታሳስሩ ከሆነ ከኮፓው ጋር አይነካካ፤ በመካከሉ ክፍተት ይኑር። አለዚያ ድንጋይ ሲመታው ምቱን ቀጥታ ለኮፓው ያሳልፋል። ለማፍሰሻው ብሎንና ለፊልትሮው ቀዳዳ ይተውለት፤ ጭቃ የሚወርድበትም ቀዳዳ ይኑረው። ሳይፈታ ለዓመታት የሚቀመጥ መከላከያ ጭቃ ማጠራቀሚያ ነው የሚሆነው።

ክሪክ ኮፓ ሥር አይገባም። ጎሚስታ ቤት ቆማችሁ እዩ፤ ሲቸኩሉ ያደርጉታል።

ወፍራም ዘይት ጠብታ ያቆማል የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። በቀጭን ዘይት እንዲሠራ የተሠራን ሞተር ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ያስቸግረዋል። በጠርሙስ የሚሸጡት «ሊክ አቁም» የሚባሉትም የደረቀ የጎማ ሲል በመጠኑ ያለሰልሱ ይሆናል። የተጣመመ ጠርዝና የተበላ ጥርስ ግን በጠርሙስ አይቃናም።

የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን ከድናችሁ አስቀምጡ። አዌቱ ወንዝ ውስጥም፣ ቦይ ውስጥም አይደፋ። ለአጥር እንጨት ምስጥ መከላከያ የሚወስዱት አሉ፤ ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት የራቀ መሆኑን ጠይቃችሁ ስጡ፤ በባዶ እጅም አይቀባ።

መጀመሪያ ያነጠፋችሁትን ካርቶን አትጣሉት። ገልብጡትና ሥሯ መልሳችሁ አንጥፉት። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጥጉ ላይ ጻፉ። ጎማ በቆመበት ቦታ ምልክት አድርጉ። በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ እዩት። የእኔው ላይ አሁን ያለው የዶሮ እግር ብቻ ነው።